ጨብጡ ጠፋልኝ፤ ለእጮኛዬ መንገር አለብኝ ወይ?

የሳቢያን ባጃጅ

ሰላም የድሬ ልጆች። ስሜን አልጽፍም። ሙድ ሊይዝ የፈለገ ካለ ከአሁኑ ይለፈኝ።

26 ዓመቴ ነው። ባጃጅ ነው የምሰራው፤ ከሳቢያን ቀፊራ፣ ከቀፊራ ከዚራ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ማታ ያለ ኮንዶም... ዝርዝሩ ይቅር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስሸና በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለኝ። ማታ ደግሞ ፓንቴ ላይ ቢጫ መግል አየሁ። ደነገጥኩ። ተራ ላይ ላለ ጓደኛዬ ነገርኩት። ስቆብኝ ከመቀመጫው ስር ፌስታል አወጣ። «እኔንም ባለፈው ይዞኝ ነበር፣ ይሄ ነው ያዳነኝ» ብሎ ቀይና ጥቁር ካፕሱል ሰባት ፍሬ ሰጠኝ። ጠዋትና ማታ ዋጥኩ። በሦስተኛው ቀን ደረቀ። ማቃጠሉም ቀረ።

አሁን ምንም የለኝም። ችግሩ እጮኛዬ ናት። ሐረር ነው የምትኖረው። ያ ነገር ከተፈጠረ በኋላ፣ ምልክቱ ሳይጀምረኝ፣ አንዴ ተገናኝተናል። ሰርጋችን ጥር ላይ ነው። እኔ ድኛለሁ፣ እሷም ምንም አላለችም። ታዲያ መንገር አለብኝ? ወይስ እግዜር ሸፈነልኝ ብዬ ዝም ልበል?

ጨብሲ አያምልጥህ

አቦ አንተ ትኩስ ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው! በድሬ ፀሐይ ድንጋይ ላይ የሸና ሁሉ ይይዘዋል። አያቴ ነች የነገረችኝ። ለእጮኛህ ድንጋዩን አሳያት፣ አለቀ።

ነገር አታብዛ

ወንድሜ ዝም በል። ደርቋል፣ ድነሃል። ይህን ሰምታ የምታገባ ሴት የለችም። በገዛ አፍህ ቤትህን አታፍርስ።

ሲስተር ከከዚራ

ወንድሜ፣ ነርስ ነኝ። የአባላዘር በሽታ ያለበትን ሰው በየቀኑ አያለሁ። ማፈርህ አልገረመኝም። የገረመኝ «ድኛለሁ» ማለትህ ነው።

መግሉ ደረቀ ማለት ባክቴሪያው ወጣ ማለት አይደለም። መግል ሰውነትህ ሲዋጋ የሚጥለው ነው። ግማሽ መድኃኒት ስትወስድ ውጊያው ጋብ ይላል፤ ጠላት ግን ግቢ ውስጥ አለ። የደቻቱን አሸዋ በበጋ አይተኸዋል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ወንዝ ነው ብትለው እንግዳ አያምንህም። በ1998 ክረምት ጎርፉ በሌሊት ምን ይዞ እንደሄደ ግን ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም።

የነገርከን ምልክት ጨብጥ ይመስላል። ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ራሱን ያሳያል፤ ያንተም በአራተኛው ቀን ነው የወጣው። ግን ብቻውን ላይሆን ይችላል። ክላሚዲያ የሚባል አለ። ከጨብጥ ጋር አብሮ መምጣት ይወዳል። እሱ እንደ ጨብጥ አይጮህም። ፈሳሹ ቀጠን ያለ ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ ስትሄድ ለሁለቱም አንድ ላይ የሚያክሙህ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ «እሷም ምንም አላለችም» ያልከው ነው። ምን ትበል? ሴት ላይ ጨብጡም ክላሚዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2020 ብቻ 374 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ፣ የክላሚዲያ፣ የቂጥኝና የትሪኮሞናስ ኢንፌክሽን ነበር። በቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። አብዛኛው ሳይታወቅ የሚዞር ነው።

ዝም ብሎ ደግሞ አይቀመጥም። ከማህፀን በር ወደ ማህፀን፣ ከዚያ ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል። ቱቦዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ውስጣቸው ቆስሎ ሲድን ጠባሳው ያጣብቃቸዋል። ከዚያ ወይ እርግዝና እምቢ ይላል፣ ወይ ጽንሱ ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ጽንስ የቀረበት ቱቦ ሲፈነዳ እናትየውን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አርግዛ እስከ መውለድ ብትደርስም ጨብጥ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑን ዓይን ሊይዝ ይችላል። ሕፃን እንደተወለደ ዓይኑ ላይ ቅባት ሲቀቡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለዚህ ነው።

ስለዚህ ትነግራታለህ። መጀመሪያ ግን ራስህ ታከም።

ጨብሲ አያምልጥህ

ሲስተር ይቅርታ። ግን የድንጋዩ ነገር ውሸት ነው ማለት ነው? ሰፈር ሙሉ ነው እኮ የሚያወራው።

ሲስተር ከከዚራ

ድንጋዩ ንፁህ ነው። የጨብጥ ባክቴሪያ ከሰው አካል ውጪ ብዙ አይቆይም፤ በድሬ ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይማ የሚታሰብ አይደለም። በጨረቃ መሽናትም ያው ነው፣ የውሻ ሽንት መርገጥም ያው ነው። የሽንት ቤት መቀመጫም እንደዚሁ። ድንጋዩ የተወደደው አፍ ስለሌለው ይመስለኛል። ባል ቤቱ ገብቶ «ድንጋይ ነው» ሲል ድንጋዩ መጥቶ አይመሰክርበትም።

ፋርማሲው ጥግ

እኔ ደግሞ ስለ ሰባቷ ካፕሱል ልናገር።

ቀይና ጥቁር ካፕሱል አምፒሲሊን ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል። መድኃኒት በቀለም አይለይም። በቀን ስንት ሰው መስኮቴ ላይ መጥቶ «ያቺን ቀይና ቢጫ ስጠኝ» እንደሚል ብነግራችሁ አታምኑም።

ጨብጥ ብልጥ ነው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ሰልፋ የሚባል መድኃኒት መጣለት፤ ብዙ ሳይቆይ ለመደው። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን መጣ። እሱንም ዓመት በዓመት እያደገ በሚሄድ መጠን ካልሆነ አልነካም አለ፣ በኋላም ጨርሶ ናቀው። ቴትራሳይክሊን እንደዚያው። የእኛ ሰው የሚወደው ሲፕሮም ዛሬ ብዙ ቦታ አይሰራም። አሁን ዋናው የቀረን ሴፍትሪያክሰን የሚባለው መርፌ ነው። እሱንም የሚቋቋም ጨብጥ በሌሎች አገሮች ተገኝቷል። ሰባት ካፕሱል ለጨብጥ ግድያ አይደለችም፤ ልምምድ ናት። ደካሞቹ ይሞታሉ፣ ጠንካሮቹ ይቀራሉ። ቀጥሎ የምታስተላልፈው ጠንካሮቹን ነው። ጓደኛህም እኮ ሰባት ፍሬ የተረፈው ራሱ ስላልጨረሰ ነው። የእሱ በሽታ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ካፕሱሉን በርጫ ላይ ነው የዋጥከው?

የሳቢያን ባጃጅ

ማታ ማታውን አዎ። ምን ችግር አለው? በለስላሳ ነበር የዋጥኩት።

ሌላም ልጠይቅ። አንዳንዴ ከበርጫ በኋላ ስሸና ነጭ ነገር ጠብ ይልብኛል። አያቃጥልም። እሱም ጨብጥ ነው? ከዚህ በፊትም ነበረብኝ፣ ድሮ።

ፋርማሲው ጥግ

አየህ! የመን ውስጥ በተደረገ ጥናት ጫት እየቃሙ አምፒሲሊን የዋጡ ሰዎች ደም ውስጥ የገባው መድኃኒት ቀንሶ ተገኝቷል። አሞክሳሲሊንም በመጠኑ።  ስለዚህ መድኃኒቱ ትክክለኛው ቢሆን እንኳ ማታ ማታ ከዋጥካቸው ላይ ጫቱ ቀንሶብህ ይሆናል።

ሌሎችም ይስሙ፣ ይህ ከተማ የበርጫና የጨብሲ ከተማ ነው። ዶክሲ የሚባለው የክላሚዲያ ክኒን ከታዘዘልህ በብዙ ውሃ ዋጥ፣ ውጠህም ቶሎ አትተኛ፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ከወተት ጋር አይሁን፣ የግመል ወተትም ወተት ነው። ዶክሲ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ቀኑን ሙሉ ክንዱ ከባጃጅ ውጪ የሚውል ሰው ሸሚዙን እጅጌ ሙሉ ያድርግ። ለትሪኮሞናስ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘ ደግሞ ጨብሲው ይቅር። ቢራ ከላዩ ከተጠጣ ማስመለስ፣ የልብ ምት፣ ፊት መቅላት ሊመጣ ይችላል።

ስለ ነጩ ጠብታ ሲስተር ትመልስ።

ሲስተር ከከዚራ

የጫት ነገር ነው ሊሆን የሚችለው። ብዙ የሚቅሙ ወንዶች ላይ ዘር ሳይፈልጉት ጠብ ማለት ይታያል፤ ሽንትም አልፈስ ይላል። ማቃጠል የለውም፣ ቢጫ አይደለም፣ ከሰው ጋር ከመተኛት ጋር አይገናኝም። ግን ይህን አንብበህ «የኔም ጫት ነው» ብለህ እንዳትዘጋው። የአሁኑ ቢጫ ነበር፣ ያቃጥልም ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ምርመራ ክፍል ስትገባ ሁለቱንም ንገራቸው።

እማ ሰላም

ልጄ፣ እኔ መጻፍ ብዙም አልችልበትም፣ የእህቴ ልጅ ናት የምትጽፍልኝ።

ባሌ ደህና ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። መኪና ነጂ ነበር፣ የጅቡቲ መስመር። ከተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሆዴን ከታች በኩል ያመኝ ጀመር። ወር አበባዬ ሲመጣ ይብሳል። ሰው ሁሉ የራሱን አለ። አንዷ ብርድ ነው አለች፣ በጋለ ጡብ ታጠኚ አለችኝ። ሌላዋ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ። እኔም ያመመኝን ሁሉ ድሬ ሞቃት ስለሆነ ነው እያልኩ ኖርኩ። ልጅ አልመጣም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት። አማቴ በየበዓሉ ሆዴን እያየች ትሄድ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ የሴት ነው ሁሌ ጥፋቱ።

አዲስ አበባ ሄጄ ቀለም እየገባ የሚነሳ ፎቶ አነሱኝ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራቱ አነሳና «ይኸውልሽ፣ ቀለሙ እዚህ ላይ ቆሟል» አለኝ። ሁለቱም ቱቦዎች ዝግ ናቸው። «ድሮ ኢንፌክሽን ይዞሽ ያውቃል?» ሲለኝ እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። ባሌ ግን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። መሬት መሬት አየ። ስንመለስ ደንገጎን ስንወርድ ነው የነገረኝ። ከጋብቻ በፊት ይዞት ነበር፣ ከጓደኛው ወስዶ ውጦ ነበር፣ ደርቆለት ነበር።

እኔ ይቅር አልኩት። ቱቦው ግን አልተከፈተም።

ነገር አታብዛ

እትዬ፣ በጣም አዝናለሁ። ግን እኮ እሷ ይህን ሰምታ ብትተወውስ? ቤተሰብ ተነጋግሯል፣ ሽማግሌ ሄዷል።

እማ ሰላም

ትተወው። ሳታውቅ ከምትቀር።

ቀፊራ ወፍ

ሲስተር፣ እኔም ልጠይቅ፣ ሴቶች ይህን የትም አንጠይቅም። ሙቀቱ ሲበረታ ነጭ እርጎ መሳይ ፈሳሽ ይመጣብኛል፣ ያሳክከኛል። አላገባሁም፣ ወንድም የለኝም። ባለፈው ጓደኛዬ አንቲባዮቲክ ሰጠችኝ፣ ባሰብኝ። አባላዘር ነው?

ሲስተር ከከዚራ

ፈሳሽ ሁሉ አባላዘር አይደለም፣ እህቴ። ያልሽው ፈንገስ ይመስላል። ፈንገሱ ጤነኛም ሴት ላይ ይኖራል። ሙቀት፣ ጠባብና ላብ የማይመጥ የውስጥ ልብስ፣ ስኳር በሽታ፣ እርግዝና ሲያገኝ ይበዛል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ሜዳውን ይለቅለታል፤ ለዚህ ነው የባሰብሽ። ሕክምናው ሌላ ነው፣ ቀላልም ነው።

የዓሣ ዓይነት ሽታ ያለው ቀጭን ፈሳሽ ደግሞ ሌላ ነው። አረንጓዴ ቢጫ፣ አረፋ ያለው፣ የሚሸት ከሆነ ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል። እሱ ከወንድ ነው የሚመጣው፣ ወንዱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ከታች ሆድ ሕመምና ትኩሳት ያለው ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። ውስጡን በሳሙናም በሎሚም አትታጠቢ። ብዙ ሴት የሚብስባት በመታጠብ ነው።

ዝም ያለ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የቂጥኝ ታሪክ ነው።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ክትትል ጀመረች። ደሟን ወሰዱ፣ ቂጥኝ አለብሽ አሏት። «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች። ስትነግረኝ ጉርሻ ይዤ ነበር፣ እጄ ላይ ቀረ። እኔ ምንም የለኝም አልኳት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ሲጠይቀኝ ነው ትዝ ያለኝ። ከመጋባታችን ጥቂት ወራት በፊት ብልቴ ላይ አንዲት ቁስል ወጥታ ነበር። ምስር ታክላለች። ጠርዟ ጠንካራ ነበር። አላመመችኝም፣ አላሳከከችኝም። ሳልነካት በወር ውስጥ ጠፋች። ከዚያ መዳፌ ላይ ቀላ ቀላ ያለ ሽፍታ ወጣ። ግንበኛ ነኝ፣ ሲሚንቶ ነው አልኩ። ውስጥ እግሬ ላይም ነበር። ውስጥ እግሬ ሲሚንቶ እንደማይነካ ማሰብ ነበረብኝ፣ አላሰብኩም። እሱም ጠፋ። አለቀ ብዬ ረሳሁት።

ለሁለታችንም ፔኒሲሊን ታዘዘ፣ በሳምንት አንዴ ለሦስት ሳምንት። መርፌው ወፍራም ነው፣ ወተት ይመስላል። ዳሌዬ ደንዝዞ ደረጃውን በአንድ እግር ነው የወረድኩት። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ቀጥ ብላ ሄደች። የመጀመሪያው ቀን ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያዘኝ፣ መርፌው ሊገድለኝ ነው አልኩ። በነጋታው ለቀቀኝ። ልጃችን ደህና ተወለደ፣ አሁን አራት ዓመቱ ነው።

ሲስተር ከከዚራ

ወንድሜ፣ ስለጻፍከው አመሰግናለሁ። የመጀመሪያ ቀን ትኩሳቱ የታወቀ ነው፤ ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚመጣ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል።

ቂጥኝ የሚያታልለው ልክ እሱ እንዳለው ነው። ቁስሉ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት። አያምም፣ ራሱ ይድናል። ከዚያ ሽፍታው። ከዚያ ዝምታ፣ አንዳንዴ ለዓመታት። መጨረሻ ላይ ልብን፣ አንጎልን፣ ዓይንን ሊመታ ይችላል። ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ጽንሱን ሊገድል ወይ ልጁ ታሞ ሊወለድ ይችላል። ቀድሞ ከተገኘ ግን ይድናል። ለነፍሰ ጡር ልጁንም ጭምር እንደሚያድን የተረጋገጠው ፔኒሲሊን ብቻ ነው። ሚስቶቻችሁን ክትትል ላኩ ብቻ ሳይሆን አብራችሁ ሂዱ።

ሼባው ለገሃር

ልጆች፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ባቡር ላይ ነበር የምሰራው። የናንተን ሳነብ ሳቅም እንባም መጣብኝ።

በኛ ጊዜ ሁሉም ስም ነበረው። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ። ባምቡሌ የያዘው ሰው በአረማመዱ ይታወቃል፤ ብሽሽቱ ላይ እንደ ዕንቁላል ስለሚያብጥ እግሩን ከፈት አድርጎ ነው የሚሄደው። ጣቢያው ላይ ቆመን «እገሌ ዕንቁላል ይዞ መጣ» እንባባል ነበር። ከርክር ያማል፣ ቂጥኝ አያምም። እኛ የምንፈራው የሚያመውን ነበር። ተሳስተን ነበር።

ሐኪም ቤት መሄድ ነውር ነው። ድሬሰሩ ቤት በጓሮ በር ይገባል። በብረት ሳህን ውሃ አፍልቶ መርፌውን ይቀቅላል። ሰው ሲበዛ መቀቀሉም ይረሳል። አንድ መርፌ ለሁላችንም። ከመካከላችን ስንቱ በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሄደ። የወፍ በሽታ ነው ይባል ነበር።

ሲስተር ከከዚራ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ያሉት ሄፓታይተስ ቢ ሊሆን ይችላል። በመርፌም በግብረ ሥጋም ይተላለፋል፤ ጉበትን ለዓመታት ቀስ እያለ ይበላል። ክትባት አለው። ከ1999 ወዲህ የተወለዱ ሕፃናት ከአምስቱ ፀረ በሽታ ጋር ይከተቡታል። ከዚያ በፊት የተወለድን ግን ተመርምረን መከተብ ያለብን እኛ ነን።

ክትባት ካነሳን አይቀር፣ ለሴት ልጆቻችሁ የኤች ፒ ቪ ክትባት ከ2011 ጀምሮ አለ። የማህፀን በር ካንሰር ከዚህ ቫይረስ ነው የሚመጣው። ትምህርት ቤት ውስጥ ሲከተቡ «መካን ሊያደርጓቸው ነው» ብለው ልጆቻቸውን ያስቀሩ ወላጆች አውቃለሁ። ውሸት ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋችሁ ሴቶችም ምርመራው የጥቂት ደቂቃ ነው። የማህፀን በሩ ላይ በውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ መሰል ነገር ቀብተው ያዩታል፣ ነጭ ከሆነ እዚያው ሊያክሙት ይችላሉ። ኮንዶም ጨብጥን፣ ክላሚዲያን፣ ኤች አይ ቪን በደንብ ይከላከላል። ቂጥኝን፣ ሄርፒስንና ኤች ፒ ቪን ግን በከፊል ነው፣ ቆዳ ለቆዳ ስለሚተላለፉ።

አሁን ወደ አንተ፣ ባጃጁ። ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ኤች አይ ቪ። ድሬ በዚህ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ካሉት ከተሞች አንዷ ናት። ጨብጥም ሆነ ቁስል ያለበት ሰው ኤች አይ ቪን በቀላሉ ይይዛል፣ በቀላሉም ያስተላልፋል። ያን ማታ በማግስቱ መጥተህ ቢሆን መከላከያ መድኃኒት ነበር። በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፣ 28 ቀን ይወሰዳል። አሁን አልፏል። አንተም ተመርመር፣ ከሦስት ወር በኋላም ድገመው። ምርመራው በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። ቢገኝብህም መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። እንዳትሸሽ ብዬ ነው።

ጨብሲ አያምልጥህ

ወላሂ እኔ ራሴ ነገ እሄዳለሁ። ሳቅኩ ሳቅኩና ጨጓራዬ ተነሳ።

የሳቢያን ባጃጅ

ሰላም። ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ።

ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ካርድ ክፍል መስኮቱ ጋ ሠላሳ ሰው ይሆናል፣ ግማሹ የኔ ደንበኛ ነው። ልጅቷ ጮክ ብላ «ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችኝ። ከኋላዬ በቀን ሁለቴ የማደርሳት ሴትዮ ቆማለች። «ሽንቴን» አልኩ። ሴትዮዋ «ድሬ ውሃ አይጠጣም እኮ፣ ኩላሊት ነው፣ ውሃ ጠጣ ልጄ» አለችኝ። አሜን አልኩ።

ውስጥ ግን እንደፈራሁት አልነበረም። ሰውየው በሩን ዘጋ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ ነው የጠየቀኝ። ስለ ሰባቷ ካፕሱል ስነግረው አልሳቀም፣ ራሱን ነቀነቀ። ሽንት ወሰዱ፣ ደም ወሰዱ። መርፌ ወጉኝ፣ ክኒን ሰጡኝ። ቂጥኝ የለም፣ ኤች አይ ቪ ለጊዜው የለም፣ በሦስት ወሩ ና ተባልኩ። ሳምንት ሙሉ ከማንም ጋር እንዳልተኛ፣ እሷ እስክትታከም ደግሞ ጭራሽ እንዳላስበው። ባለፉት ሁለት ወራት አብረውኝ የነበሩት ሁሉ መታከም አለባቸው አለኝ። ለእጮኛዬ የምሰጣት ትንሽ ወረቀት ሰጠኝ። የበሽታ ስም የለበትም። ለሌላዋ ደወልኩ፣ ስልኳ አይሠራም። ተራ ላይ ያለውን ጓደኛዬን ግን በግድ ወስጄዋለሁ።

ለእጮኛዬ በስልክ መንገር አቃተኝ። እሁድ ሚኒባስ ይዤ ሐረር ወጣሁ። ደንገጎ ላይ ልመለስ ምንም አልቀረኝም፣ እማ ሰላምን አስታወስኩ። ሸዋ በር ሻይ ቤት ተቀምጠን ነገርኳት። ሻይዋን በማንኪያ ስታማስል ነበር፣ ማማሰሏን አላቆመችም። ስኳር እንኳ አልጨመረችበትም ነበር። ብዙ ቆይታ «ምን ያህል ጊዜ ሆነው?» አለችኝ። ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች። «እኔ ሆዴን ሲያመኝ ብርድ ነው ብዬ ነበር» አለች።

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማክሰኞ ብቻዋን ሄደች፣ እኔን አላስከተለችኝም። እሷም መርፌና ክኒን ተሰጥቷታል። የክኒኑን ሰዓት በየቀኑ ማታ ሦስት ሰዓት በመልእክት እጽፍላታለሁ። «ዋጥኩ» ብላ ትመልሳለች። ሌላ ቃል የለም። ስለ ጥር አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

ነገር አታብዛ

ይቅርታ ወንድሜ። እኔ የመከርኩህ ልክ አልነበረም።

አዲስ ገቢ

ይህን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሴት ነኝ፣ አላገባሁም፣ ሰፈሬ ሁሉ የሚያውቀኝ ነው። ካርድ ክፍል ያ ሁሉ ሰው ባለበት ምን ልበል?

የሳቢያን ባጃጅ

እኔ ሽንቴን ነው ያልኩት። ሠርቷል።

ሲስተር ከከዚራ

«ለሐኪሙ እነግረዋለሁ» በይ፣ መብትሽ ነው። ካልሆነም ሆዴን በይ፤ የሴት ሆድ ብዙ ነገር አለው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ጠዋት ገና ሲከፈት ሂጂ፣ ሰው ይቀንሳል። ሴት ባለሙያ ከፈለግሽ ጠይቂ።

አዲስ ገቢ

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እሄዳለሁ። ሽንቴን ሳልሸና ነው መሄድ ያለብኝ?

ሲስተር ከከዚራ

አዎ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዥው።